የጳጉሜን ፎቶዎች

እታፈራሁ ሳሚን አስቀድማ ነግራዋለች። በስብሰባ ላይ ነግራዋለች፣ ለብቻው ነግራዋለች፣ ደረጃ ላይ አስቁማው ሳይቀር ነግራዋለች። «ሳሚ፣ ቀኑ የእኛ ነው፤ ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ሳትቀይር እንዳትልከው!» ሳሚ ግን ጆሮ የት አለውና! «እቱ፣ አታካብጂ» አላትና ሳቀ። ያ ሳቅ ነው እንግዲህ ዛሬ የሰው እንጀራ ሊዘጋ የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ የምትሠራበት ሶዶ ያለው የግንባታ ጽሕፈት ቤት ሃላሌ ላይ ትምህርት ቤት ያሠራል። ገንዘቡ የለጋሽ ነው፤ ለጋሹ ደግሞ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ በፎቶ ካላየ አያምንም። ፎቶዎቹ በኮምፒውተር ሲስተም ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑ፣ ቦታውና የሥራው ዓይነት ይጻፋል። ፎቶ አንሺው የሃላሌው ፎርማን ጋሽ ጦና ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሲሚንቶ ላይ የጨረሱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ሰው። ከእሳቸው የመጣውን ፎቶ እታፈራሁ ቀኑን ወደ ፈረንጅ እየለወጠች አንድ በአንድ ታስገባ ነበር።

ሳሚ ከላይኛው አካል ተመድቦ ኃላፊ ሆኖ መጣና «ይሄ ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ በኤፒአይ እንሠራዋለን» አለ። ኤፒአይ የሚሉት አንዱ ፕሮግራም ከሌላው ጋር ያለ ሰው እጅ የሚነጋገርበት በር ነው። በሩ ምንም አላጠፋም፤ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ቢጽፉለት የዓመት ሥራ በአንዴ ያድሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሳሚ አፈሰሰ እንጂ መልቀሙን ለሌላ ተወው። የሃላሌን ፎቶዎች መረጃ በሙሉ ከጋሽ ጦና ማስታወሻ እንዳለ ወስዶ አደሰው፤ የእኛን 2008 የፈረንጅ 2008 አድርጎ ቁጭ! ፎቶዎቹ ውሉ ከመፈረሙ ሰባት ዓመት በፊት የተነሡ ሆኑ። የመሠረቱ ብረት ታስሮ ኮንክሪት የተሞላው ደግሞ በጳጉሜን ነበር። ሲስተሙ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ሲመልስበት፣ ሰውየው ቆም ብሎ እንደማሰብ «የተበላሸ መረጃ ነው» ብሎ ፎቶዎቹን ጭራሽ ሰረዛቸው። ወይ ጉድ! አገሩ ውስጥ ጳጉሜን የሌለ ይመስል!

ብዙም ሳይቆይ የለጋሹ መርማሪ ከውጭ ጻፈ። የመሠረቱ ፎቶ የለም፤ የቀሩት የሌላ ሕንፃ አሮጌ ፎቶዎች ናቸው፤ መሠረቱ ያለ ብረት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሳሚን መናገር የፈራ ጽሕፈት ቤት ጋሽ ጦናን ለግምገማ ጠራ። ጥፋተኛ ከተባሉ ከሥራ ይባረራሉ። ከመባረሩ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ የገዛ አገራቸው ልጆች ከሚማሩበት ቤት ብረት ሰረቀ ተብለው ሊኖሩ ነው።

እታፈራሁ ዋናዎቹን ፎቶዎች ከቢሮው ኮምፒውተር አግኝታ ትክክለኛውን ቀን የሚልክ ትእዛዝ ጽፋ ጨርሳ ነበር። ግን ግምገማው በዋለበት ጠዋት የኢንተርኔት ኔትወርክ የለም፤ ሲስተሙ ላይ ያልገባ ፎቶ ደግሞ ለግምገማው ማስረጃ አይሆንም። ጎረቤት ከተሞች ቦዲቲና አረካ ደወለች፤ እዚያም የለም። ወደ አዳራሹ ስትሮጥ ጋሽ ጦናን በሩ ላይ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አይካዱ» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ከካዱ ‹ሂስ አይቀበልም› ብለው አሁኑኑ ይጨርሱዎታል። ጉድለት አለብኝ ይበሉና ይለፉት። ኔትወርኩ ሲመጣ ሁሉንም አስተካክላለሁ።»

«ያላደረግሁትን?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጋሼ። ቃል ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው፤ የዚያን ዘመን ግምገማ የሚያውቅ ያውቀዋል። ንጹሕ ነኝ ያለ ይጠበሳል፤ ትንሽ አጥፍቻለሁ ያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰው ሁሉ በየዓመቱ የማያደርገውን ጥፋት እየፈለገ ይናዘዝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ተራቸው ሲደርስ ጋሽ ጦና ተነሥተው «በፎቶው በኩል ጉድለት አለብኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ደገፉ ግን አልለቀቃቸውም። «በግልጽ ይናገሩ እንጂ! አሮጌ ፎቶ ልከዋል ወይስ አልላኩም?»

ሽማግሌው እታፈራሁን አዩዋት። እሷም፣ አንገቷ ይቆረጥና፣ አዎ ይበሉ በሚል ነቀነቀችላቸው።

«ልኬያለሁ» አሉ። ጸሐፊዋ ሶፊ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው።

ከምሳ በኋላ ኔትወርኩ መጣ። እታፈራሁ ምሳም አልበላች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ላከች። እያንዳንዱ ፎቶ በመለያ ቁጥሩ ተጠርቶ ቀኑ ታረመ። የተሰረዙት የጳጉሜን ፎቶዎችም በሴፕቴምበር ተመልሰው ገቡ። ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ አዳራሹ በረረችና ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው። ብረቱ ይኸው! ጥፍር ተደርጎ የታሰረ፣ ገና ኮንክሪት ያልነካው የመሠረት ብረት!

«በጣም ጥሩ» አለ ደገፉ። «ዛሬውኑ ለለጋሹ እንገልጻለን። የጽሕፈት ቤቱ ስም ተረፈ።»

«የጋሽ ጦናስ?»

«እሳቸውማ በገዛ አንደበታቸው አምነዋል። በቃለ ጉባኤ የተያዘ ጉዳይ ነው።»

«ምኑን ነው ያመኑት? ፎቶው እኮ ይኸው!»

ሳሚ ከወንበሩ ሳይነሣ ጣልቃ ገባ። «እሱ ነው ችግሩ። ያላደረገውን አደረግሁ የሚል ሰው፣ ነገ ያልታሰረ ብረት ታስሯል ከማለት ምን ያግደዋል? እንዴት እናምነዋለን?»

የእታፈራሁ ደም ፈላ። «አንተ! ዐይንህን በጨው ታጥበህ! ቀኑን ያበላሸኸው አንተ፣ ፎቶውን የሰረዝከው አንተ! ነግሬህ ስቀህብኛል! ሶፊ፣ ጻፊው! እመኑ ያልኳቸውም እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፊ!»

ሶፊ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ ደገፉ ዞረች። ደገፉ ጉሮሮውን ጠረገና «በሂስ ይያዝ ወይስ በግለ ሂስ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ጋሽ ጦና ብድግ አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ምን ያስቃችኋል? ስሙ! እኔ በሰው ላይ በሐሰት መስክሬ አላውቅም። ዛሬ በራሴ ላይ መሰከርኩ። እናንተ እንኳ ያው ናችሁ፤ ከእናንተ ምንም አልጠበቅሁም።» ወደ እታፈራሁ ዞሩ። «አንቺን ግን እንደ ልጄ ነው የሰማሁሽ። ፎቶውን መለስሽ፤ ጎበዝ። ቃሌንስ በምን ትመልሺልኛለሽ?»

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወጡ፤ ደገፉም ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንለፍ አለ።