በሰርጉ ግራና ቀኝ

መካነ ሰላም ውስጥ ዲሽ ስተክልና ቴሌቪዥን ስገጣጥም አምስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከሰው ሁሉ የሰማሁት ትእዛዝ አንድ ነው፤ "ጥቁሩን አጥፋልኝ።"

የዛሬ ቴሌቪዥን ሰፊ ነው። የድሮ ፊልም ግን ጠበብ ይላል፤ ቁመቱ ሦስት ክንድ ቢሆን ወርዱ ከአራት አያልፍም። ሰፊው ላይ ሲያርፍ በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ያ ባዶ ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አንድ ባለ ሱቅ ካርቶኑን አስሮ ወደ ገዛበት ወደ ደሴ ሊመልሰው መኪና ላይ ካስጫነ በኋላ ነው የደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ ማስረዳቱን ተውኩት። ቴሌቪዥኑ ገና ሲበራ ምስሉን ወደ ጎን የሚለጥጠውን ቁልፍ እጫናለሁ። ጥቁሩ ይጠፋል፣ ሰዎቹ ትንሽ ይወፍራሉ፣ የሚያማርር የለም። እኔም ክርክር አይሆንልኝም።

እማማ ይታይሽ ቤት የሄድኩትም በዚሁ ልማዴ ነበር። ቴሌቪዥኑን ያመጣላቸው የወንድማቸው ልጅ አለምነው ነው፤ ከደሴ ድረስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። ከቴሌቪዥኑ ጋር አንዲት ፍላሽ አምጥቷል። ፍላሿ ላይ የልጃቸው የፈንታዬ ሰርግ አለ።

ሰርጉ በ1996 ዓ.ም. በካሴት የተቀረጸ ነው። ማጫወቻው ከከተማው ከጠፋ ስለቆየ አለምነው ደሴ ወስዶ ወደ ፍላሽ እስኪያስገለብጠው ድረስ ካሴቱ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ኖረ። ፈንታዬ በተዳረች በሁለተኛው ዓመት፣ ልጇ ሰብሌ ጡት ሳትተው፣ ታማ ሞተች። አንዲት ፎቶ ነበረቻት፤ እሷም ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምት ረጥባ ፊቱ ለቀቀ። ሰብሌ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደሴ ኮሌጅ ትማራለች፤ ለእረፍት ነው የመጣችው። "ቁርጥ እናትሽን" እየተባለች አደገች እንጂ የእናቷን ፊት አይታ አታውቅም።

ፍላሿን ሰክቼ ሰርጉ ሲጀምር እማማ ይታይሽ ከመደቡ ብድግ አሉ።

"ይሄ ግራና ቀኝ ያለው ምንድን ነው?"

"የፊልሙ ልክ ነው እማማ። ፊልሙ ከቴሌቪዥኑ ስለሚጠብ..."

"ለሰርግ ጥቁር? ለልጄ ሰርግ ከል ታለብሱልኛላችሁ? ከሏን እኔ ሦስት ዓመት ለብሼላታለሁ። ሰርጓን እንኳ በነጭ ልያት እንጂ!"

"እኔስ ግማሹን ቴሌቪዥን ለጥቁር ነው ከደሴ ያቀፍኩት?" አለ አለምነው። "አጥፋው ምንይችል፣ አብሽር፣ ማንም አይቆጣህም።"

ቁልፉን ተጫንኩት። ሰርጉ ከዳር እስከ ዳር ሞላ።

ሙሽራዋ ስትገባ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ፊቷ ሰፊ፣ ትከሻዋ ደልዳላ ነበር። እማማ ይታይሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ወፍራለች! ልጄ እንዲህ ደልቷት ነው ለካ የዳርኳት። ተመስገን።"

ሰብሌ ቀጭን ናት፤ ፊቷ ሞላላ፣ አንገቷ ረዥም። ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች በሁለት ጣቷ የራሷን ጉንጭ ስትነካ አየኋት። ሽቦዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ መጣች። የስልክ ቻርጀር ፈልጋ ነው። አወጣሁላት፤ ግን አልሄደችም።

"ነገ ጠዋት ወደ ደሴ እመለሳለሁ" አለች። "ትናንት አንተም አይተሃታል። እሷን እመስላለሁ?"

ባንኮኒው ላይ የተሰነጠቀ ቦታ አለ። ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ።

"ተወው፤ ገብቶኛል። እናት ለሌላት ልጅ ሰው ምን ይበል? 'ቁርጥ እሷን' ነው የሚለው። እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ መስታወት ባየሁ ቁጥር..." ቻርጀሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ሌላ ሰው ነው ሳይ የኖርኩት።"

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። የወጣልኝ ቃል ግን ይሄ ብቻ ነው፦

"ከሰዓት እመጣለሁ። ሪሲቨሩ... የሚስተካከል ነገር አለው።"

"ሪሲቨሩ ደህና ነው እኮ።"

"ቢሆንም።"

ከሰዓት ስደርስ ሰርጉ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ተከፍቶ ነበር። እማማ ይታይሽ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ አለምነው ግድግዳውን ተደግፏል፣ ሰብሌ ጥግ ላይ ሆና ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፤ ወደ ቴሌቪዥኑ አታይም። ሪሲቨሩን ገለበጥኩት፣ ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም።

በሰርጉ ላይ ሁለት ሰዎች በትልቅ ሰፌድ ድፎ ዳቦ ይዘው ገቡ። አለምነው ሳቁን ለቀቀው።

"አክስቴ፣ ይሄን ድፎ በምን ጋግረውት ነው? እንቁላል እኮ ነው የሚመስለው!"

"አፍህን ያዝ!"

"እኔ ምን አደረግኩ? ቴሌቪዥኑ ነው የሚያጋልጥዎ። አዩት ሲንጋደድ?"

"እኔ ነኝ የተንጋደደ ድፎ የማወጣ?" እማማ ይታይሽ ተነሥተው ወደ ምስሉ ተጠጉ። ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። እውነትም ዳቦው ወደ ጎን ተስቦ ሞላላ ሆኗል። "እንዴ! ይሄ የኔ ዳቦ አይደለም። የኔ ክብ ነበር። ከኮባው ላይ ሳወጣው ምስክር አለኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ነው ያየው። ማነው ዳቦዬን የለወጠብኝ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሦስቱም ወደኔ ዞሩ።

"ዳቦው ክብ ነው እማማ። እውነትዎን ነው። ትናንት ጥቁሩን ላጠፋልዎ ብዬ ምስሉን ወደ ጎን ለጠጥኩት። ቁመቱ እንዳለ ሆኖ ወርዱ ብቻ ነው የተሳበው። ስለዚህ ክብ የነበረው ሁሉ ሞላላ ሆነ።"

"ሞላላ የነበረውስ?" አለች ሰብሌ ከጥጉ። እጇ ላይ ያለውን ልብስ አስቀምጣለች።

"ሞላላ የነበረው... ክብ ይሆናል።"

"እናቴም?"

"እሷም።"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብቻ ይጨፈራል።

"መልሳት እንግዲያ!" አሉ እማማ ይታይሽ።

"ጥቁሩም ይመለሳል እማማ።"

ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ። ዳቦውን አዩ፤ ቀጥለው ጥግ ላይ የቆመችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ። ተነሥተው ሳጥናቸውን ከፈቱና ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ነጠላ አወጡ። የሰብሌንም ከምስማሩ ላይ አወረዱት።

"በግራና በቀኝ ያዙልኝ። ጥቁሩን በዚህ ሸፍኑት። ጥለቱ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ የለቅሶ ነው። ሸፍናችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝ።" ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቁልፉን ተጫንኩት። ምስሉ ወደ መሀል ተሰበሰበ፤ ጥቁሩ በሁለቱም በኩል ቆመ። በስንዝሬ ለካሁት፤ በያንዳንዱ ጎን ከግማሽ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ነጠላዎቹን በልኩ አጥፈን፣ አለምነው ግድግዳው ላይ ምስማር መታና እኔ በቀኝ ሰቀልኩ። በግራ በኩል ምስማሩ አልያዘም፤ ሰብሌ ነጠላውን በእጇ ይዛ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት።

"ይዙሩ እማማ።"

ሁለቱ ሰዎች ድፎውን ይዘው እንደገና ገቡ። ዳቦው ክብ ነበር፤ የሰፌዱን ጠርዝ ተከትሎ ዙሪያውን እኩል።

"አየህ?" አሉ እማማ ይታይሽ፣ ጣታቸውን አለምነው ላይ ቀስረው። "አየህ አንተ ቀልደኛ?"

"ይቅርታ አክስቴ። ክብ ነው።"

ከዚያ ሙሽራዋ ገባች። ቀጭን ናት፤ ፊቷ ሞላላ፣ አንገቷ ረዥም። የበሩ መጋረጃ ጫፍ ፀጉሯን ሲነካት ጎንበስ ብላ አለፈች፤ ቀና ስትል ወደ ካሜራው አየች።

"ያረቢ" አለ አለምነው በቀስታ።

እማማ ይታይሽ ዓይናቸው ከሙሽራዋ ወደ ሰብሌ፣ ከሰብሌ ወደ ሙሽራዋ ተመላለሰ። ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ፤ በመሀላቸው የነጠላው ስፋት ብቻ።

"ቀጭን ነበረች" አሉ። "ብይ ስላት አልበላም እያለች... ቀሚሱን እንኳ በመርፌ አስጠብበንላት ነው የዳርናት። ረስቼው!" በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። "ትናንት ሲያወፍሩብኝ እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ልጄን! መልኳን ረስቼ ነው የኖርኩት።"

"አልረሱም" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የተናገርኩት። "'ቁርጥ እናትሽን' ሲሏት የነበረው እርስዎ አይደሉም?"

ቀና ብለው አዩኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈልገው ዓይናቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን ሲሰዱ፣ ነጠላቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነውና ባዶ ትከሻቸውን ነኩ። ሳቁ። ስቀው ሳይጨርሱ አለቀሱ።

ምስሉን አቆምኩት። ሙሽራዋ ቀና ብላ እንዳየች ቀረች።

"ምንይችል" አለች ሰብሌ። እጇ አሁንም ነጠላውን ይዟል፤ ስለዚህ ዞራ ማየት የምትችለው በግማሽ ነው። "አሁንስ?"

ባንኮኒው እዚያ የለም። የተሰነጠቀ ነገር ፈልጌ የማየው የለኝም። ፊቷን አየሁት፤ ከዚያ የእናቷን።

"ትመስያታለሽ" አልኩ። "በጣም።"

ስልኳ ጠዋት በገዛችው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ነበር። ነጠላውን ለአለምነው አስይዛ ስልኩን ነቀለችና "ከእሷ ጋር ፎቶ አንሳኝ" ብላ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ነጠላውን ተቀብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እማማ ይታይሽም ዓይናቸውን በእጃቸው ጠራርገው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ፤ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ስልኩን አዩ።

"ሁለቱንም አንሳልኝ፤ ለአንዱም ለሌላውም አታድላ" አሉ። "ጥቁሩ እንዳይገባ ብቻ።"

"አይገባም እማማ" አልኩና አነሣኋቸው።