ያልተተረተረው ዙር

እናትየዋ ዋጋ መጥራት አይሆንላትም ነበር። ዳንቴል ሥሪ ካሏት ማንም አይደርስባትም፤ ኪሮሿን ይዛ ቁጭ ስትል ክሩ ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ይመስላል። ደንበኛ መጥቶ "ስንት ነው?" ያላት እንደሆነ ግን ፊቷ ይቀላል፣ ዓይኗ መሬት መሬት ይላል፣ ከዚያ ያቺው የማትለወጥ መልሷ ትወጣለች፤ "የክሩን ስጡኝ፤ ለእጄ ደግሞ ደስ ያላችሁን ጣል አድርጉበት።"

ሰው እንዲህ ሲባል ደስ የሚለው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ለብርጭቆ ሥር የምትነጠፍ መዳፍ የምታክል ቁራጭም ትሁን አልጋ ሙሉ የሚያለብስ ሥራ፣ ለእጇ የሚጣልላት ያው ነበር። እሷም አመስግና ትቀበላለች። አንዳንዴማ ውለታ የዋሉላት ይመስል እስከ በር ድረስ ትሸኛቸዋለች።

ልጇ ይህን ባየች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል። ሰፈሩ ምላጭ ነው የሚላት። ትምህርቱን በጊዜ ነው የተወችው፤ አስተማሪዎቿም ሲገላገሏት እፎይ ሳይሉ አልቀረም።

"እማ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቁጭ ብላ ሶፍት የምታድለዋ ሴትዮ እኮ ካንቺ ትበልጣለች" አለቻት አንድ ቀን። "እሷ ቢያንስ ዋጋዋን ግድግዳው ላይ ጽፋዋለች።"

"ዝም በይ አንቺ! ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ሰምቶ ጨምሮ ይክፈል።"

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ፤ በሩ ላይ አክስት ቆማለች።

ይቺ አክስት የእናትየዋ ታናሽ እህት ናት፤ ካርቶን ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ካርቶን እያጠፈች ሙጫ ትቀባለች። የማሽኑ ጩኸት ከጆሮዋ ስለማይወጣ ቤት ገብታም የምታወራው እየጮኸች ነው። በዚያ ሰሞን መመላለስ አብዝታ ነበር።

"እታለም፣ ሰው እየቀጠሩ ነው! ወሩ ሳያልቅ ነይ ግቢ። ደሞዝ ቢያንስ ደሞዝ ነው፤ እንዳንቺ ደንበኞች ምጽዋት አይደለም።"

እናቷ እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ምላጭን ያስፈራት እሱ ነው። አንዴ ለአክስቷ ጃንጥላ ልታደርስ ሄዳ ፋብሪካውን አይታዋለች፤ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፣ ሴቶቹ ጎን ለጎን ቆመው አንዷ ሌላዋን አታይም። እናቷ እዚያ ከገባች ኪሮሹን ዳግመኛ እንደማትነካው እርግጠኛ ነበረች። ኪሮሽ የሌላት እናቷ ምን እንደምትመስል ደግሞ ማሰብም አልፈለገችም።

ስለዚህ ተነስታ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጋ ሄደች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዋጋ የሚጠሩት እንዴት ነው?"

"በአፌ" አላት ሰውዬው፣ መርፌ በከንፈሩ እንደነከሰ።

"አይቀልዱብኛ! እናቴን ካርቶን ሊያሳጥፏት ነው።"

ሰውዬው መርፌውን ከአፉ አወጣ። "ክሩን ትይዣለሽ። ሥራው የሚፈጀውን ሰዓት ትገምቺና ለሰዓቱ ዋጋ ትሰጪዋለሽ። መብራቱን፣ መመላለሻውን ትጨምሪያለሽ። ከዚህ ሁሉ በላይ ትርፍ የምትባለዋን ታስቀምጫለሽ፤ እሷ ከሌለች የሚቀጥለውን ክር ተበድረሽ ነው የምትገዢው።"

"ሰዓቱ ከገመትኩት ቢያልፍስ?"

"ከኪስሽ ነዋ! ለዚህ ነው እኔ አንዴ የሰፋሁትን የማልፈታው።"

ያን ሳምንት ልጇን የምትድር አንዲት ሴትዮ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ገባች። የፈለገችው የአልጋ ልብስ ነው፤ ከመሐል አበባ ተነስቶ ዙር በዙር እየሰፋ የሚሄድ። "ስንት ነው?" ስትል እናት አፏን ሳትከፍት ምላጭ ዋጋውን ጠራችው።

እናቷ የምትገባበት ቀዳዳ የጠፋት ትመስል ነበር።

"ምነው ልጄ፣ አልጋውንም ጨምራችሁ ነው እንዴ?" አለች ሴትየዋ።

"የማሽን ከፈለጉ ሱቁ ሞልቷል፣ እትዬ። ይሄ ግን የዚች ሴት እጅ ነው።"

ሴትየዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ናሙና ዳበሰችው፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጀርባውም እንደ ፊቱ ነው። ትንሽ ተከራከረች፤ ምላጭም ቀድማ ለመውረጃ ብላ የጨመረቻትን ያህል ብቻ ወረደችላት። ተስማሙ። ለክር መግዣ ቀብድ ተከፈለ።

በሩ ሲዘጋ ምላጭ ዘለለች። "አየሽ እማ? አየሽ? ካርቶኑን አክስቴ ብቻዋን ትቻለው!"

"ይሄን ሁሉ ለኔ?" አለች እናቷ። እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ የተሰጣት ይመስል።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፣ መሐል ላይ ተነስታ በመስኮት ታያለች፤ ያልጣማት ዙር ካለ ክሩን ስባ ትተረትረዋለች። የሰነበተ ሥራ ቢሆን እንኳ ግድ የላትም፣ እንደ ቀልድ ፈትታ እንደገና ትጀምረዋለች። አሁን ግን ምላጭ ስልኳን ሰዓት እንዲቆጥር ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። "የሸጥንላት ሰዓት ይሄን ያህል ነው፤ ካለፈ ከኪሳችን ነው" አለች፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊው። እናቷ ማንጎራጎሩን ተወች። መስኮቱንም ተወችው። ዓይኗ ከክሩ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ክሩ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇ ቀጥ አለ።

"ምነው?"

"እዚህ ጋ ዘልያለሁ።" የአበባውን አንዱን ቅጠል በጣቷ ነካችው። "አየሽ? ከወንድሞቹ አንሷል። ከሱ ወዲህ ያለው ዙር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎትቷል።"

ምላጭ ብታይ ብታይ ምንም አልታያት አለ። "እማ፣ ይሄ ስህተት ሳይሆን ሐሜት ነው።"

"ልተርትረው።"

"እስከየት ድረስ?"

እናቷ አሳየቻት። ሥራው ግማሽ በግማሽ ሊሄድ ነው።

"አብደሻል? ይሄን ሁሉ ማን ይከፍልሻል? ሴትየዋ በመነጽርም አታገኘውም! እኔ ያላየሁትን ማን ያየዋል?"

"እኔ።"

"አንቺ ገዢ አይደለሽማ!"

እናቷ ስልኩን አየች። ክሩን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ብዙ ቆየች፤ ሳብ ቢያደርጉት ያለ ኮሽታ የሚፈታ ነገር ነው። ከዚያ ለቀቀችው። ኪሮሹን ወደፊት ነዳችና ቀጠለች።

"ጎበዝ!" አለቻት ምላጭ፣ ግንባሯን ስማ።

ሴትየዋ በቀጠሮዋ መጥታ የአልጋ ልብሱን ዘረጋችው። "ውይ! ይሄማ ሥዕል ነው!" አለች፤ ሳታንጠባጥብም ከፈለች። ስታመሰግን መዳፏን ያሳረፈችው ልክ ያቺ ቅጠል ላይ ነበር። እናት "ለልጅዎ የደስታ ያድርግላት" ለማለት ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ዓይኗ ወደዚያች ቅጠል ተመለሰ።

ትርፍም ተረፈ። ምላጭ እያፏጨች ቆጠረችው።

"ሂሳብሽ ልክ ነው ልጄ" አለች እናቷ። "ምንም አላጎደልሽም።"

በነጋታው ምላጭ ስትነቃ እናቷ ለባብሳለች፤ አክስት በር ላይ ትጠብቃታለች።

"ወዴት?"

"ፋብሪካ።"

"ለምን? አተረፍን እኮ! በቃ እንዲህ ነው የሚሠራው!"

"የምንሸጠው ሰዓት ከሆነ እዚያም ይገዙታል" አለች እናቷ ጫማዋን እያሰረች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። "ካርቶን ደግሞ ቢጣመምም እንቅልፍ አይነሳኝም።"

ወሩ አልቆ ሌላው ከተጋመሰ በኋላ የዚያች ሴትዮ እህት መጣች። የአልጋ ልብሱን ሙሽራዋ ቤት አይታው ልቧ ቀርቷል። ምላጭ ከበፊቱ በጣም ከፍ አድርጋ ጠራችባት። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። እናት ከሥራ እስክትገባ ልጠብቅ ብላ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች።

እናት ሙጫ ሙጫ እየሸተተች ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እማ ስሚኝ፣ ከንግዲህ እንደፈለግሽ ተርትሪ! ስልኩን ደጅ እጥለዋለሁ። መተርተሪያውንም ዋጋው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሴትዮዋ እሺ ብላለች፤ ውጭ ናት።"

"መተርተሪያውንም?" እናቷ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። "ብልህ ነሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልመጣልኝም።"

"እና እሺ ልበላት?"

"ያኔ የተዛነፈችውን ቅጠል አይቼ አለፍኩት" አለች እናቷ። እየጮኸች ነበር፤ ራሷ ግን አልታወቃትም። "ከንግዲህ ሳላየው ነው የማልፈው። ንገሪያት፣ ትሂድ።"

ጋደም አለች፤ እንቅልፍ ወዲያው ይዟት ሄደ። ምላጭ ጫማዋን አወለቀችላትና ወጣች። ሴትዮዋ የመኪናዋን መስኮት አወረደች።

"ምን አለች?"

"አትሠራም።"

"ዋጋው አንሷት ከሆነ እኮ እጨምራለሁ፣ የኔ እናት። ትንገረኝ።"

"አላነሳትም" አለች ምላጭ። "ዋጋውማ ልክ ነው።"

ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀች፣ የሚጨመር ነገር ያለ መስሏት። ከዚያ መስኮቷን ዘግታ ሄደች።