በሲሪል መስኮት ፊት የተሰቀለው ፋኖስ

በሰው ደጅ የሰው ፋኖስ ይሰቀላል እንዴ! ሲሪል ሆልሮይድ ይህን ያለው በሆዱ ነው፤ በአፉማ ሚስቱን ሂልዳን "ሻይ የለም እንዴ?" ብቻ ነው ያላት። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ከቤቱ ፊት ለፊት መሰላል አቁመው፣ እሱ ራሱ የነደፈውን የመንገድ መብራት ከምሰሶው እየፈቱ ነበር። ከዓለም ጦርነቱ ማግሥት ጀምሮ ክላድሼው ከተማን ያበራ ፋኖስ! አናቱ እንደ ደወል ክብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ በአራት ሰው ጉልበት የማይነቃነቅ። አውርደው እንደ አሮጌ ድስት መኪናው ላይ ወረወሩት። በምትኩ የተሰቀለው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሆድ የሚባል ነገር የለውም። የነደፈው ደሪክ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ሲሪል ፀጉሩን ባሸበተበት የመብራት ፋብሪካ ንድፍ ክፍል ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ መብራቶቿን ሁሉ ልትለውጥ ነው። ፋብሪካው ሁለት ንድፍ አቀረበ፤ አንዱ የሲሪል ታድሶ፣ ሌላው የደሪክ። ማዘጋጃ ቤቱ ቻፕል መንገድን ለሙከራ መረጠና የላዩን ግማሽ ለሲሪል፣ የታቹን ለደሪክ ሰጠ። ከወር በኋላ የመንገዱ ነዋሪዎች በቤተ ጸሎቱ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ከየቤቱ አንድ ሰው እጅ እያወጣ ይመርጣል። ያሸነፈው ፋኖስ በከተማው ሁሉ ይተከላል፤ የተሸነፈው ሁለተኛ አይሠራም። የፋብሪካው ሰው እጅ እንዳያወጣ ስለተከለከለ የሆልሮይድ ቤት ድምፅ የሂልዳ ሆነ። ቤታቸው ደግሞ፣ የሲሪል ዕድል ሆኖ፣ የሚገኘው ከታች ነው።

ሲመሽ ሲሪል ደጅ ቆሞ ጠበቀ። የሶዲየም መብራት ሲለኮስ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል። ቀላ። "እዚሁ በቀረ!" ብሎ ተመኘ። አልቀረም፤ ቢጫ ሆነና አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ፏ አለ። ሲሪል አንገቱን አንጋጦ እንከን ፈለገ። የለም። ጭራሽ ያምራል! ቅናት ያዘውና በሩን ዘግቶ ገባ።

መኝታ ቤት ሲገባ፣ ሂልዳ ማታ ማታ መስኮቱ ላይ የምትሰቅለው ግራጫ ብርድ ልብስ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ዛሬ ብርድ አይገባም እንዴ?"

"አይገባም" አለችና ፊቷን አዙራ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ሲሪል ፋብሪካው ውስጥ ከደሪክ የንድፍ ሰሌዳ አጠገብ ሄዶ ቆመ። እንከን ማግኘት አለበት።

"ወደ ቤቶቹ የዞረውን የፋኖስህን መስታወት ምን ብለህ ነው እንዲህ የሸነሸንከው? ለጌጥ ነው?"

"ብርሃኑን ከመስኮት መልሶ መንገዱ ላይ እንዲጥለው ነው፣ ሚስተር ሆልሮይድ። የኔ ሐሳብ እንኳ አይደለም። ሰኔ ላይ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስጠይቅ አንዲት ሴትዮ ነገሩኝ። መኝታ ቤት ወጥተው የመስኮታቸውን ከፍታ ሳይቀር ለክተው ሰጡኝ። የዝንጅብል ኬካቸውንማ ቢቀምሱት!"

"የዝንጅብል ኬክ?"

"የብርቱካን ልጣጭ ያለበት።"

በክላድሼው የዝንጅብል ኬክ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ የምትከት አንዲት ሴት ብቻ ነች። ሲሪል ለሃያ ስምንት ዓመት በልቶታል። ቀኑን ሙሉ አንድም ቀጥ ያለ መስመር ሳያሰምር ዋለ።

"ያ የንድፍ ክፍላችን ልጅ እዚህ ቤት ገብቶ ነበር?" አላት ሂልዳን፣ ማታ ቤት እንደገባ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ።

"ደሪክ? አዎ፣ ሰኔ ላይ። ጨዋ ልጅ ነው።"

"በስሙ ነው እንዴ የምትጠሪው! መኝታ ቤቴን አስለካሽው አይደል?"

"የለካሁት እኔ ነኝ። እሱ ታች ኬኩን ይበላ ነበር።"

"የኔን ኬክ!"

"ጠየቀኛ ሲሪል! 'መብራቱ እንዴት ነው?' ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ?"

"ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ ብርድ ልብስ ስሰቅል ምን የማደርግ መስሎህ ነበር?"

"ብርድ እንዳይገባ ነዋ!"

"በሐምሌ ሙቀትም?"

ሰው መልስ ሲያጣ መዶሻ ያነሳል፤ ሲሪልም አነሳ። ብርድ ልብሱን ራሱ መስኮቱ ላይ በሚስማር ቸነከረው። "የደሪክ መብራት መኝታ ቤቴ አይገባም!" እያለ ይደበድባል። የማይገባውን ብርሃን ሊከለክል! ሂልዳ አየችውና ድንች ልትልጥ ወረደች። ብርድ ልብሱ ወሩን ሙሉ እንደተቸነከረ ቆየ።

የምርጫው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ደሪክ ከፊት፣ ሲሪልና ሂልዳ ከኋላ ተቀመጡ። ሰብሳቢው "የታችኛው ይሻላል የሚል?" ሲል ያልወጣ እጅ ያለ አይመስልም ነበር። ሲሪል የሚስቱን እጅ ላለማየት ጫማው ላይ አፈጠጠ።

"የላይኛውስ?"

ማንም እጁን አላወጣም። ሰብሳቢው ሊቀጥል ሲል አንድ ቡናማ ጓንት ብድግ አለ። የሂልዳ ነው።

ጎረቤቷ ሚስስ ክላፍ ዞር አለች። "ሂልዳ፣ በጤናሽ ነው? ልጁን እንዲህ አድርገህ ሥራው ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"እጁ የኔ ነው፤ በፈለግኩበት አወጣዋለሁ።"

ደሪክም ዞረ። ሴትዮዋን አወቃት። ከጎኗ ማን እንደተቀመጠ ሲያይ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ማሸነፉን እንኳ ረስቶ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አነሳላት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሲሪል "ለምን?" አላት።

"ለእሱ የሌላው ሰው እጅ በቃው። አንተ ግን ባዶህን ልትወጣ ነበር።"

ሊያመሰግናት ነበር፤ አፉም ተከፍቶ ነበር። ቅናቱ ቀደመው።

"እውነቱን ንገሪኝ። የማንኛችን ይሻላል?"

"የእሱ።"

ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ጉጠት ይዛ ፎቅ ወጣች፤ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። መኝታ ቤቱ ያው ጨለማ ነው፤ አንዲት ጭላንጭል አልገባችም። ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ፣ በእሱ በኩል ወረወረችው።

"ለብርድ ነው ብለህ የለ? እንካ፣ ልበሰው።"

ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ሲሪል ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ደሪክ በሠራላት ጨለማ ውስጥ የሚስቱን ማንኮራፋት ያዳምጥ ጀመር።