የደንደሱ ቀኝ ጠርዝ

አዲስ ቢላዋ የገዛ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ስለቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ሲከትፍ የሚውል ሰው ግን ከስለቱ ማዶ ያለውን ጀርባውን፣ ደንደሱን ይፈራል። አመልካች ጣቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነዋ። ከፋብሪካ የመጣ ደንደስ ጠርዙ ሹል ነው፤ የጣትን ሥር እየፈተገ ቆዳ ይልጣል። ስለቱስ አንዴ ቆርጦ ይተዋል፣ ደንደሱ ነው በየቀኑ የሚበላው።

አናጢው ይህን ያወቀው ከሚስቱ ነው። ሚስቱ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች። ገና በተጋቡ ሰሞን አንድ ቀን ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ምን ሆንሽ አላላትም፤ እሱ እቴ፣ ቃል ከአፉ በጉጠት ካልተሳበ መች ይወጣል። ቢላዋዋን ከቦርሳዋ አውጥቶ በሁለት ጣውላ መሃል ሞርሳ ላይ አሰረና ደንደሱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገው ጀመር። ሚስቱ ግራኝ ስለነበረች ጣቷ የሚያርፍበትን የግራውን ጠርዝ ብቻ አለሰለሰ። "ቀኙን እንዳትነካብኝ" አለችው፤ ቢላዋውን ገልብጣ የከተፈችውን ሽንኩርት ከመክተፊያው ላይ ጠርጋ የምታነሳው በእሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቢላዋ በገዛች ቁጥር ሥራው የእሱ ሆነ። እወድሻለሁ ብሏት አያውቅም። እሷ ደንደሱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ "ደህና ነው" ካለችው፣ ያን ቀን ሲያፏጭ ይውላል።

እሷ ስትሞት ቤቱ ጭር አለ። አባትና ልጅ ሲነጋገሩ የኖሩት በእሷ በኩል ነበር። "ልጅሽን ማምሸት አበዛሽ በያት" ይላል አባት። "አባዬን መስኮቱን ጠግንልኝ በይልኝ" ትላለች ልጅ። አሁን መሃል ላይ ያለችው ሰው ሄደችና ገበታው ላይ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጅቷ በእናቷ ቦታ ክበቡ ውስጥ ተቀጠረች። በቀደም የአናጢው እህት መጥታ፣ "ልጅህ ክበቡ አጠገብ ክፍል ተከራይታለች። ዝም እንዳልክ ልትሄድብህ ነው። አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ" አለችው። ምን እንደሚላት ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ፤ ቃሉ ግን ከየት ይምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። አዲስ ቢላዋ ይዛለች።

"አባዬ፣ ለእማዬ ታደርግላት የነበረውን ለእኔም ታደርግልኛለህ? ነገ ዕቃዬን ሳወጣ ይዤው ልሂድ።"

"አምጪው" አለ።

እንዲያ ይበል እንጂ ልቡ ዘለለ። መናገር ቢያቅተው ይህን ያውቅበታል። አሳምሬ ከሠራሁላት ይገባታል፣ ከገባት ትቀራለች ብሎ ተስፋ አደረገ። ስለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞርሳው ላይ አሰረ። በሻካራው ወረቀት ጀመረ፣ ወደ ለስላሳው አለፈ፣ ዘይት ጠብ አደረገ፣ በጉንጩ ዳሰሰ፣ ደግሞ ፈተገ። እንዲህ ያማረ ደንደስ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም።

ልጅቷ ቢላዋውን ተቀብላ የምትከትፍ ይመስል እጇን ከፍ ዝቅ አደረገች። ከዚያ ቆም አለች።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ግራኝ አይደለሁም" አለች ቀስ ብላ።

አናጢው ክው አለ። ቢጠይቁት ኖሮ ልጄ በቀኟ ነው የምትሠራው ይል ነበር፤ ግን ማን ጠየቀው፣ እሱስ መቼ ራሱን ጠየቀ። ቆማ ስትጠብቀው የዋለችው ልጁ ናት፣ እሱ ግን የግራውን ጠርዝ ሲፈትግ የዋለው ለሞተችው ነው። አፈረ። ከቀብሩ ቀን የባሰ ሆድ ባሰው።

"ምንም አይደል፣ እለምደዋለሁ" አለችው።

"እጅሽን አሳዪኝ።"

ቀኝ እጇን ዘረጋች። አመልካች ጣቷ ሥር ቆዳው ጠጥሮ ተሰነጣጥቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እስካሁን የምሠራው በእማዬ ቢላዋ ነበር።"

እሱ ያለሰለሰው ቢላዋ ነው። ያልነካው የቀኙ ጠርዝ ሲልጣት ከርሟል፣ እሱም በየማታው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲበላ ከርሟል።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"በማን በኩል?" አለችው።

እንዳኮረፈች ሰው አይደለም ያለችው። የምር ነው የጠየቀችው። አናጢው ቢላዋውን ከእጇ ተቀብሎ መልሶ ሞርሳው ላይ አሰረና ወረቀቶቹን አገላበጠ። ሻካራውን ቢያነሳ የቀኙ ጠርዝ የአፍታ ሥራ ነው። እሱን ትቶ መጨረሻ ላይ ለማስዋቢያ ብቻ የሚጠቀምበትን፣ ከሁሉም የላመውን አነሳ። ልጅቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ስትጫወት ያደገች ናት፣ ወረቀቶቹን ታውቃቸዋለች። የኪራዩ ክፍል ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንዳለ፣ ባዶ ሳጥን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ በእሱ እኮ ነገም አያልቅም።"

"አውቃለሁ" አለ፣ ቀና ሳይል።