አራተኛው ክር

የእህቴ ባል ራሱን «ማኤስትሮ» ብሎ ይጠራል። ሌላ ሰው በፈቃዱ እንዲህ ሲለው ሰምቼ አላውቅም፤ እህቴ እንኳ የምትለው እንግዳ ሲኖር፣ ደስ እንዲለው ብላ ነው። ሠርግ ሲገኝ ጊታር ይጫወታል፤ ሠርግ ሳይገኝ ስለ ጊታር ያወራል። አንድ ጊዜ ምሳ ላይ ሹካዬ ብርጭቆ ነካ። እጁን አንስቶ ሁላችንንም ዝም አሰኘና «ፋ!» አለ። በኋላ ጓዳ ገብቼ ያንኑ ብርጭቆ በዚያው ሹካ መታሁና የትኛው ኖታ እንደሆነ በስልኬ አረጋገጥኩ። ፋ አልነበረም። ወጥቼ ምንም አላልኩትም። ለእኔ ይህ በቂ ደስታ ነበር።

የምኖረው እነሱ ቤት ነው። የምሠራው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ረዳት መምህርት ሆኜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ማሰሪያ አስራለሁ፣ የተደፋ ቀለም እወለውላለሁ። የትንንሾቹ ክፍል መምህርት ሥራ ስትለቅ ዳይሬክተሯ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ላለው የፕላስቲክ አበባ ውሃ ሲያጠጡ በዓይኔ ያየኋቸው ሴት ናቸው፤ ስለዚህ ከእሳቸው የሚያስደነግጥ ነገር አልጠበቅኩም።

«ክፍሉን ላንቺ ብሰጥሽ ደስ ይለኛል» አሉ። «ግን የጠዋቱን መዝሙር ማን ሊያዘምር ነው? አንቺ ስትዘምሪ እኔ አጠገብሽ ቆሜ አይሰማኝም።»

«ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ነው።»

«ድምፅሽ አይደለም፣ ልጄ። አንቺ ለእኛ ትንፋሽሽን የምትሰስቺ ነው የሚመስለኝ። ትልቅ ሰው ጭምት ናት ብሎ ያልፍሻል። ልጆች ግን አይሸወዱም።»

ፊቴ ጋለ። ዓይኔን ወደ ፕላስቲክ አበባው መለስኩ።

«ሰኞ ትምህርት ሲጀመር መጥቼ አያለሁ» አሉ። «ልጆቹ አብረውሽ ከዘመሩ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሆነ አኮርዲዮን የምትጫወት አንዲት መምህርት አለች፣ እሷን አመጣለሁ።»

የአኮርዲዮኗን መምህርት አውቃታለሁ። ልጆቹን «ሙጫዎች» ብላ ነው የምትጠራቸው፤ እሷ ከመጣች እኔ እዚያው ክፍል የእሷ ረዳት ሆኜ እቀራለሁ። ክፍሉን ፈለግኩት። የቀደመችዋ መምህርት አንድ ቀን አሟት ስትቀር ልጆቹን ብቻዬን ይዤያቸው ዋልኩ፤ ያን ቀን ምሳ መብላቴንም ረስቼ ነበር።

ድምፄን የሚያግዝልኝ መሣሪያ ልገዛ ወሰንኩ፤ ዩኩሌሌ የሚባለውን ጊታር መሳይ መሣሪያ የመረጥኩት አንብቤ ነው። ትንሽ ነው፣ ክሮቹ አራት ናቸው፣ ለስላሳ ስለሆኑ የጀማሪ ጣት አያቆስሉም፤ ጮክ ብሎ ባይጮኽም ልጆቹ የት ጋ መግባት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ከመጠኖቹ ሶፕራኖ የሚባለው ከሁሉም ያንሳል፣ ኮንሰርት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቴነር ደግሞ ለረጃጅም ጣቶች ነው። አንድ ሌላ ነገርም አነበብኩ፦ ዩኩሌሌን ስትታቀፊው ወደ አገጭሽ የሚቀርበው አራተኛው ክር እንደ ጊታር ወፍራም አይደለም። ቀጭን ነው፤ ከሁለቱ መካከለኛ ክሮችም ድምፁ ከፍ ይላል። ያ የፍንድቅ ፍንድቅ ድምፁ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ሱቅ ብቻዬን ልሄድ ነበር። እህቴ አልሰማ አለች።

«ብቻሽን ሄደሽ ያረጀ ሣጥን ሊያሸክሙሽ? እሱን ይዘሽው ሂጂ። ሙያው አይደል እንዴ?»

«ሙያው ሠርግ ነው» አልኩ፤ ግን በሆዴ።

ሱቁ ሰፊ ነው፤ መስኮቱን ሁሉ ፒያኖ ሞልቶታል። ሻጩ በክራቫቱ ላይ የኖታ ምልክት ያላት የምታብረቀርቅ ማያዣ ሰክቶ፣ ትልቁን ጥቁር ፒያኖ ራሱ እንደሠራው ሁሉ ተደግፎት ቆሟል። ዩኩሌሌዎቹ ወዲያ ጥግ፣ ከቁልፍ ማንጠልጠያዎች አጠገብ ተሰቅለዋል።

«ዩኩሌሌ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ምን አለች?» ሲል ማኤስትሮን ጠየቀው።

«ዩኩሌሌ ነው የምትለው። ለሕፃናት ነው።»

«እህ! መጫወቻ!» አለና ሮዝ ቀለም የተቀባ፣ ሆዱ ላይ ዶልፊን የተሳለበት አንድ አወረደልኝ። «ሴቶች ይኼን ይወዱታል።»

ክሩን የሚወጥረውን መቃኛ ጠመዘዝኩት፤ እጄን ሳነሳ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ወደ ቦታው ሰቀልኩት። ማኤስትሮ በበኩሉ ትልቁን ቴነር ደረቱ ላይ ለጥፎ በመስታወት ራሱን እያየ ነበር።

«ይኼ ነው እንግዲህ ሰው ሰው የሚሸት!»

«ጣቴ አይደርስም፣ ጋሼ።»

«ጣት ይለመዳል። እኔ ስጀምር ጣቴ የት ነበር?»

የት እንደነበር አልጠየቅኩትም። በዚህ መሀል የምፈልገውን አገኘሁ። ምንም ያልተሳለበት፣ ቡናማ ኮንሰርት። መቃኛዎቹ ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ አይንሸራተቱም። አንገቱን በመዳፌ ስዳብስ የሚቧጭር ነገር የለም። ክሩ ለእንጨቱ ቅርብ ስለሆነ ገና ስነካው እሺ ይላል። እንዲህ ያለው በሱቁ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ሮዝ ናቸው፣ ዶልፊን ናቸው፣ ወይም ለረጅም ሰው ናቸው።

«አምጪያት እስቲ፣ ልቃኛት» አለ ማኤስትሮ፣ ከእጄ እየወሰደ።

አንዴ መታና ቅንድቡን ሰቀለ። ደገመ። አራተኛውን ክር ብቻውን ነካ፣ ጆሮውን ወደ እንጨቱ አዘነበለ፣ ከዚያ ሐኪም ለበሽተኛ ቤተሰብ በሚያወራበት ድምፅ፣

«ይቺ ክር ተሳስታለች» አለ።

ሻጩ ጠጋ አለ። ስለ ዩኩሌሌ ከእኔ አያት የበለጠ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን በሰው ሊበለጥ አልወደደም።

«እኔም ሰሞኑን ስጠራጠራት ነበር።»

«ወፍራም መሆን ሲገባት ቀጭን ናት። የፋብሪካ ስህተት ነው።»

«እዚያ እኮ ሰው አይደለም የሚሠራው፣ ወንድሜ። ማሽን ነው።»

«ማሽን ደግሞ ጆሮ የለውም!»

ተሳሳቁና እጅ ለእጅ ተማቱ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ በክራቫት አንዱ በጢም፣ ትክክል የሆነውን ነገር ለማረም እንዲህ ሲፋቀሩ ማየት በየቀኑ አይገኝም። ቁልፍ ማንጠልጠያዎቹን የማይ መስዬ ቆምኩ። እያንዳንዷን ቃል በልቤ እያስቀመጥኩ ነበር። ባርማቸውም የሚሰሙኝ አይመስለኝም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ላርማቸው አልፈለግኩም።

ሻጩ ከመሳቢያ ሽቦ የተጠመጠመበት ወፍራም የጊታር ክር አወጣ። ቀጭኑን ፈትተው ያንን ሊያስገቡ ሞከሩ። አንገቱ ጫፍ ላይ፣ ክሮቹ የሚተኙባት ነጭ ቁራጭ አለች፤ በእሷ ላይ ያለው ቦይ ለቀጭን ክር የተሠራ ስለሆነ አልቀበል አለ።

«ሞረድ አለህ?» አለ ማኤስትሮ።

«ሞረድ የሌለው ሱቅ ደግሞ ምን ሱቅ ነው!»

ሞረዱ ሲወጣ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ቦዩ አንዴ ከሰፋ ቀጭኑ ክር ተመልሶ አይረጋበትም፤ በተመታ ቁጥር እንደ ዝንብ ይንጫጫል። ሌላ ኮንሰርት የለም። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል።

«ተዉት» አልኩ።

ሻጩ የሞረዱን አቧራ ኡፍ አለበት።

«ተዉት እንጂ» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ፈርታ ነው» አለ ማኤስትሮ። «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ስንት ጊታር በእጄ አልፏል መሰለሽ። ቀጥል አንተ።»

ሞረዱ ነጯን ቁራጭ ሊነካ ሲል እጄን ከሥሩ አስገባሁ። ብረቱ ጣቴን ፋቅ አደረገው።

«ተዉት አልኩ እኮ!»

ድምፁ ከፒያኖዎቹ ነጥሮ ተመለሰ። በሩ አጠገብ የኖታ ማስቀመጫ የምትመርጥ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ እህት፣ ሱቅ ነው» አለ ሻጩ።

በሕይወቴ ድምፅሽን ቀንሺ ተብዬ አላውቅም። አልቀነስኩም።

«ክሩ አልተሳሳተም። ዩኩሌሌ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አራተኛው ቀጭን ነው። እናንተ የምታውቁት ጊታር ነው፤ ይኼ ደግሞ ጊታር አይደለም። የምገዛውም እኔ ነኝ፣ ጋሼ፣ አንተ አይደለህም።»

«ማን አለሽ?»

«አንብቤ ነው።»

«አንብቤ!» አለ ወደ ሻጩ ዞሮ። «ሙዚቃ ታነባለች፣ ሰማህ? እኛ በጆሮ ስንደክም!»

ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ዩኩሌሌውን ተቀብዬ ከፒያኖው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀጭኑን ክር መልሼ አሰርኩና በስልኬ እያየሁ ቃኘሁት። በስልክ መቃኘቴ ማኤስትሮን ከክሩ ይበልጥ አሳመመው፤ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። አንዲት ጣት ብቻ አሳርፌ አራቱንም ክሮች መታሁ። ደንበኛ ድምፅ ወጣው።

«ደስ ካላት ትውሰደው» አለ ሻጩ። «ግን ተመላሽ የለም።»

«እኔ ምስክር ነኝ» አለ ማኤስትሮ። ከጭንቅላቴ በላይ እጅ ተጨባበጡ።

ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ ለእህቴ ነገራት። «እህትሽ የተበላሸ ዕቃ መርጣ ገዛች። ብመክራት ሰው ፊት ጮኸችብኝ።»

«ማን? እሷ?» እህቴ ሳቋ መጣ። «እሷ ጮኸች? ሂድ ወዲያ!»

እሑድን ሙሉ ስለማመድ ዋልኩ። አዲስ ክር ሲለጠጥ ቅኝቱ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ከሳሎን «አልኩሽ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ድሮ ቢሆን በሆዴ ስቄበት አልፍ ነበር።

«አዲስ ክር ስለሆነ ነው፣ ጋሼ!» አልኩ ከክፍሌ። «እስኪረጋ ነው!»

«እሺ ፕሮፌሰር!»

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ዩኩሌሌውን በጥርጣሬ አዩት።

«ጊታር ነው?» አለ አፍንጫው ሁሌ የሚፈሰው ልጅ።

«ጊታር ነበር» አለች ከጎኑ ያለችው። «ታጥቦ ነው የጠበበው።»

የጠዋቱ መዝሙር ስለ አንዲት ዳክዬ ነው። ዳክዬዋ ፊቷን ትታጠባለች፣ ጫማዋን ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች። ዳክዬ ጫማ ምን ያደርግላታል እያልኩ ከሰው ኋላ ቆሜ ከንፈሬን ብቻ ሳንቀሳቅስ ነው የከረምኩት። አሁን ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ጀመርኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ድምፄ ተሰነጠቀና አንዱ ሳቀ። አላቆምኩም። ክሮቹን መታሁ፤ ዳክዬዋን ዛሬ እኔ ራሴ ጫማ የማለብሳት ይመስል አምኜባት ዘመርኩ። አፍንጫው የሚፈሰው ልጅ ገባ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ሁሉም፤ ግማሾቹ በተሳሳተ ቃል፣ ግን በሙሉ ጉሮሯቸው።

መሀል ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። የዳይሬክተሯን የጫማ ድምፅ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ሲሰሙት አንገታቸው ሁሉ በአንድ ላይ ይዞራል። ዛሬ አንድም አልዞረም። ዳክዬዋ ጫማዋን ገና አላገኘችም ነበር። ዳይሬክተሯ እጃቸው በበሩ እጀታ ላይ እንዳለ፣ እስክታገኘው ድረስ ቆመው ጠበቁ።