ለአስራ አንድ ወይስ በአስራ አንድ

ኤደልሚራ በየማለዳው በግራ ጎኗ መነሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልወነጀለችው ነገር የለም። መጀመሪያ በትራሷ አሳብባ ቀየረችው። ቀጥላ ፍራሹን ገለበጠችው። ከዚያ የጎረቤቷን የዶን ሩፔርቶን አውራ ዶሮ ከሰሰች። ዶን ሩፔርቶ ጭቅጭቅ የማይወድ ሽማግሌ ነውና ዶሮውን አርዶ አንድ ሳህን ሾርባ ላከላት። ሾርባውን ወደ አልጋዋ ልትሄድ ስትል ምድጃው አጠገብ ቆማ ጠጣችው። በማግስቱ ዶሮ ሳይጮህም ያው ራሷ ከብዶ፣ አፏ መሮ፣ ሆዷ ተነፍቶ ነቃች። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱን ሁሉ በሰሜኑ ነፋስ ላይ ትጥላለች። በቺሎኤ ደሴቶች የሰሜኑ ነፋስ ዝናብ ስለሚያመጣ ጠበቃ የሚቆምለት የለም።

ሆዷን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። ቁርስ አትቀምስም፤ ጠዋት ምግብ ስታይ ያቅለሸልሻታል። ምሳ አንዳንድ ቀን ትዝ ይላታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ትረሳዋለች። አመሻሹን በባዶ ሆዷ ታልፈውና ልትተኛ ስትል ረሃቡ በአንዴ ይነሳባታል። ያኔ ቀዝቃዛ ድንች ነው፣ የተረፈ ቋሊማ ነው፣ የፖም ማርማላታ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ቆማ ትውጣለች። ሆዷ እንደተወጠረ ትተኛለች። ሲነጋ አፏ ስለመረራት ቁርስ አትበላም፣ ቁርስ ስላልበላች ቀኑ ይዘበራረቅባታል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል።

ሥራዋ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይህ የራሷ ጉዳይ ነበር። ኤደልሚራ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በትንሿ የሬዲዮ ጣቢያ ጎህ ሲቀድ መልእክት አንባቢ ናት። በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ለወጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ነፋሱ ከፈቀደ። ስለዚህ ሰው ለዘመዱ የሚለው ነገር ካለው ወደ ጣቢያው ይደውላል፣ ኤደልሚራም ታነባለች። "ለዶን ኦኖፍሬ፤ ላሚቱ በሰላም ወልዳለች።" "ለእነ ፊሎሜና ቤት፤ የጥርስ ሐኪሙ ማክሰኞ አይመጣም፣ በቅርንፉድ ታገሱ።" ደሴተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ ድምጿን ይሰማል። ድምጿ ብሩህ ከሆነ ቀኑ ብሩህ ይመስለዋል፤ እሷም ይህን ታውቃለች፣ ትኮራበታለችም።

አሁን ግን ድምጿ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ማለት ጀምሯል። ስም ታቀያይራለች። አንድ ቀን ጠዋት ማይክሮፎኑ ፊት ሆዷ በረጅሙ አጉረመረመና አንድ ሙሉ ደሴት ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን ልብስ አነሳ። የጣቢያው ቴክኒሻን ሊሳንድሮ ያን ዕለት ከሳቁ የተነሳ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ሲነሳ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ስሚ፣ ኤደልሚራ። የጣቢያው ባለቤት ከከተማ የሚያነብ ማሽን ላምጣ እያለች ነው። ማሽን አያገሳም አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"እሷም ብዙ ጊዜ አታገሳም አልኳት። ሌላ ስህተት ከመጣ ግን አፌን ይዤ ነው የምቀረው።"

ኤደልሚራ በዚያ ቀን ትራሷን እንደገና ቀየረች።

እዚህ ሀገር ሰው አመሻሽ ላይ ተሰብስቦ ሻይና ዳቦ ይበላል። ለዚህ ማዕድ ያወጡለት ስም "አስራ አንድ" ነው። በእነሱ ሰዓት አስራ አንድ ማለት ረፋዱ ነው፤ ታዲያ የአመሻሹን ማዕድ ለምን አስራ አንድ አላችሁት ብትል አስር ሰው አስር ምክንያት ይነግርሃል። እኔ አልጠይቅም፤ በእኛ አቆጣጠር ከሄድን ልክ ናቸው። ሰዎቹም አይደናገሩም። "ለአስራ አንድ ና" ካሉህ አመሻሽ ላይ ለሻይ ነው፣ "በአስራ አንድ ሰዓት ና" ካሉህ ረፋዱ ላይ ነው። ሕፃን እንኳ ይህን አይስትም።

ኤደልሚራ ግን ሳተችው። ረቡዕ ጠዋት ሊሳንድሮ የጻፈላት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ "ለዶኛ ኸርሚንዳ፣ ሊንጋይ ደሴት። ልጅዎ ኒባልዶ ሐሙስ ለአስራ አንድ ይደርሳል። ሰው ወደቡ ላይ ይጠብቀው።" ማክሰኞ ማታ አንድ ድፍን ቋሊማ ውጣ ነው የተኛችው። ዓይኗ ፊደሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳያታል፣ ግሳትም ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ግሳቱ ሳይቀድማት ለመጨረስ ተጣደፈችና "ሐሙስ በአስራ አንድ ሰዓት ይደርሳል" ብላ አነበበች። አንዲት "ለ" ወጥታ አንዲት "በ" ከነ "ሰዓት"ዋ ገባች። ሊሳንድሮም ዳቦውን እየገመጠ ስለነበር አልሰማም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጣቢያው በር ተበረገደ። የወንድ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ክንዳቸው ላይ ቅርጫት ያንጠለጠሉ አጭር አሮጊት ገቡ።

"ያቺ ሐሙሴን ያበላሸችብኝ የቷ ናት?"

ሊሳንድሮ በአገጩ ጠቆመ። "እሷ ናት፣ ዶኛ ኸርሚንዳ። እኔ በትክክል ነው የጻፍኩት።"

"እግዜር ይስጥህ ወዳጄ!" አለችው ኤደልሚራ ጥርሷን ነክሳ።

ዶኛ ኸርሚንዳ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። "ልጄን ካየሁት አራት ዓመቴ ነው። አራት ዓመት! በግ አሳረድኩ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ጠራሁ፣ ደሴቱ ነቅሎ በአስራ አንድ ሰዓት ወደቡ ላይ ተሰለፈ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጀልባ የለም። ጠበቅን፣ ጠበቅን። አንዱ ሆዳም 'በጉ ቀዘቀዘ እኮ' አለ። ሌላው 'እስኪመጣ እንቅመሰው' አለ። ልጄ አመሻሽ ላይ ከጀልባ ሲወርድ ምን ጠበቀው መሰለሽ? አጥንት! አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሰክሮ ተጋድሟል፣ እኔ የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አንቀላፍቻለሁ። 'እማዬ፣ የማን ሠርግ ነው ያመለጠኝ?' አይለኝም!"

ሊሳንድሮ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። የአሮጊቷም ከንፈር ሊፈታ ምንም አልቀረው። ኤደልሚራ ግን አልሳቀችም፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ በእኚህ ሴት አንደበት ላይ ተንጠልጥሏል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶኛ ኸርሚንዳ።"

"እኔም ለባለቤትየዋ ልነግር ነው የመጣሁት።" አሮጊቷ ጠጋ ብለው አዩዋት። "ቀና በይ እስቲ። ዓይንሽን ምን አሳበጠው? ትናንት መቼ ነው የበላሽው?"

"በልቻለሁ።"

"መቼ አልኩ እንጂ በላሽ ወይ አላልኩም።"

"ልተኛ ስል።"

"ምን?"

"ድንች። ቋሊማ። ማርማላታ።"

"አንድ ላይ?"

"ኧረ በየተራ!"

"አስራ አንድስ?"

"አስራ አንድ አልበላም።"

ሊሳንድሮ ሻዩ ትን አለው። አሮጊቷ አማተቡ። "አስራ አንድ የማይበላ ሰው አለ እንዴ? ታመሽ ነው?"

"ከማን ጋር ልብላ?" አለች ኤደልሚራ። ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ። "ከእህቴ ከኦቲሊያ ጋር ነበር የምንበላው፣ ሃያ ዓመት። ልጇ ዘንድ ልኖር ብላ ወደ ሰሜን ሄደች፣ ይኸው ሁለት ዓመቷ። ብቻዬን ጠረጴዛ ማልበስ ያስጠላኛል። ሁለተኛውን ስኒ ሳየው ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።"

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷም ቢሆን። ትራሱ፣ ፍራሹ፣ ዶሮው፣ ነፋሱ ሁሉ በአንዴ ከንቱ ሆኑባት። አፈረች፣ ደግሞም ቀለል አላት።

ዶኛ ኸርሚንዳ ከቅርጫቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ሚልካኦ አወጡ፤ የድንች ቂጣ ነው፣ ገና አልቀዘቀዘም። "ስሚኝ ልጄ። ክሱን አንድ ሳምንት አቆየዋለሁ። በየቀኑ አስራ አንድ በጊዜው፣ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ከዚያ በኋላ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ጠዋት ጠዋት እሰማሻለሁ። በላሽ አልበላሽ ከድምፅሽ አውቃለሁ፤ ሰባት ልጅ ያሳደግኩት ያለ ነገር አይደለም።"

ኤደልሚራ በዚያው ቀን አመሻሽ ጠረጴዛውን አለበሰች። እጇ ልማድ ሆኖበት ሁለት ስኒ አወጣ፤ አንዱን መለሰችው። ሚልካኦውን በቅቤ፣ እየመረራትም ቢሆን፣ ቁጭ ብላ በላች። እሁድም እንዲሁ አደረገች። ሰኞ ማለዳ ስትነቃ ሆዷ ላይ የማታውቀው ነገር ተሰማት። ደነገጠችና ወደ ሊሳንድሮ ደወለች።

"የሆነ ነገር ሆዴን እየሞረሞረኝ ነው። ሐኪም ቤት ልሂድ መሰለኝ።"

"ያምሻል?"

"አያምም። ባዶ ባዶ ይለኛል። ዳቦ ዳቦ ይሸተኛል።"

"አንቺ ሴት፣ ርቦሽ ነው!" አለ ሊሳንድሮ። "ሰው ጠዋት የሚሰማው ይህ ነው። ዳቦ ብዪና ነይ።"

ሰኞና ማክሰኞ መልእክቶቹን እንደ ድሮዋ አነበበች። ረቡዕ አመሻሽ ግን ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ያ ባዶ ወንበር ፊት ለፊቷ ሲያፈጥባት፣ አልቻለችም። ሳትበላ ተነሳች። በኋላም እንደ ለመደችው የቁም ሳጥኑን በር ከፍታ ቋሊማውን ጨረሰችው።

ሐሙስ ጠዋት ድምጿ ያው ዝገቱ ተመለሰበት። አርብ ጠዋት ከወረቀቶቹ መሀል አንዱን አንስታ ማንበብ ስትጀምር ሊሳንድሮ የጣሪያውን ጣውላ ይቆጥር ነበር።

"ለጣቢያው አንባቢ። ረቡዕ አጭበርብረሻል። ድምፅሽ ውስጥ ቋሊማ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረሽ። ኸርሚንዳ፣ ከሊንጋይ።"

ግማሹን ካነበበች በኋላ ማቆም አልተቻላትም። በየደሴቱ ሳቅ ሆነ። በየአልጋው ያለ ሰው ተጠራርቶ ሬዲዮውን ጮክ አደረገ። አመሻሽ ላይ በሯ ተንኳኳ። ዶን ሩፔርቶ፣ የዚያ የሟቹ ዶሮ ባለቤት፣ ዳቦ ታቅፎ ቆሟል።

"ሰምቼ ነው የመጣሁት" አለ ኮፍያውን እያሻሸ። "እኔም እኮ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላው። አብረን እንብላ እንዳልልሽ ደግሞ ዶሮ የምትከሺ ሴት ነሽ፣ ፈራሁ።"

ኤደልሚራ ሁለተኛውን ስኒ አወጣች። ዳቦውም ጉሮሮዋ ላይ አልቀረም።

ቅዳሜ ማለዳ ሊሳንድሮ የመጨረሻዋን ወረቀት በሁለት እጁ አድርጎ አቀበላት። አነበበች፦

"ለኤደልሚራ። ክሱን ትቼዋለሁ፣ ዛሬ ድምፅሽ የሰው ነው። ነገ እሁድ ልጄ ለአስራ አንድ በግ ያርዳል፤ ያኛውን በግ ሳይቀምስ የቀረው እሱ ብቻ ነውና። አንቺም ነይ። ሰው ወደቡ ላይ ይጠብቅሻል። ኸርሚንዳ።"

"ዛሬ ድምፅሽ የሰው ነው" የሚለውን ሴትየዋ ትናንት ሲያስጽፉት እንዴት እንዳወቁት እግዜር ይወቀው። ኤደልሚራ ግን እዚያ ላይ አልቆመችም። "ሰው ወደቡ ላይ ይጠብቅሻል።" ይህን ቃል በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ አንብባዋለች፤ ለሁሉም ሰው፣ ለጥጃ ሳይቀር። ለእሷ በስሟ የተጻፈ መልእክት ግን ኖሮ አያውቅም። ያንን መስመር በጣቷ ተከትላ እንደገና አየችው።

ሊሳንድሮ በመስታወቱ በኩል አንገቱን አሰገገ። "ሆድሽ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ዝም በል፣ አየር ላይ ነን" አለችው፤ ደሴቱ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። "ለአስራ አንድ ነው። በአስራ አንድ ሰዓት አላልኩም። ሰምታችኋል?"

በዚያ ቀን ባለቤትየዋ ደውላ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ መክፈት እንደጀመረ፣ ስለ ማሽኑም ማንም እንዳያነሳባት ተናገረች።

እሁድ ኤደልሚራ ማልዳ ነቃች። የሰሜኑ ነፋስ ይነፍሳል፤ ምንም አላለችውም። ቁርሷን በላች፣ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ወደ ወደቡ ወረደች። የአመሻሹ ጀልባ ነበር የሚበቃት፤ ልቧ ግን አላስቀምጥ ስላላት በጠዋቱ ተሳፈረች። ሊንጋይ ስትደርስ ልክ አስራ አንድ ሰዓት ነበር፣ የረፋዱ።

ወደቡ ባዶ ነው። በዳር በኩል ብቻ፣ የድንች ጆንያ ላይ፣ ጥቁር ጃንጥላ ስር፣ ቦት ጫማ ያደረጉ አጭር አሮጊት ተቀምጠዋል።

"ለአስራ አንድ ነበር እኮ የተባልሽው!" አሏት።

"አውቃለሁ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እርስዎስ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"አንቺ ያነበብሽው ነዋ፣ ምን ይታወቃል ብዬ ነው" አሉ ዶኛ ኸርሚንዳ። "ቁርስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ። ቁጭ ብዬ።"

አሮጊቷ ጆንያው ላይ ፈቀቅ አሉላት።