ከእጅ ወደ እጅ

ሹዠን ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫው እሾህ ሆኖባታል። ትላንት አቧራውን ላራግፍ ብላ የባሏን ጄድ፣ ያንን አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ፣ ስታነሳ አምልጧት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመ። አልተሰበረም፤ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣችበት። ዓይን አያያትም፣ ጆሮ ግን ይሰማታል። ደህና ጄድ ሲመቱት እንደ ደወል ይጠራል፤ የተሰነጠቀ እንደ ሸክላ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጆሮ ያለው ሰው ይመጣል። ከቤጂንግ መኳንንት ሽማግሌውን ልዑል ቾንግሹን በጄድ ዕውቀት የሚስተካከለው የለም፤ ምላሱም ከጆሮው አያንስም። አምና አንዲት ወይዘሮ ጽዋ ብትሰብር “እመቤት ስባሪ” ብሎ ስም አወጣላት። ከተማው ተቀበለው፤ ባሏም አፍሮ ወደ ወንድሟ ቤት መለሳት።

የሹዠን ባል ጌታ ዴሊን ያንን ከጥንት መቃብር የወጣ፣ ዘንዶ የተቀረጸበት ክብ ጄድ፣ የመቃብር አፈሩ ለቆ ቀለሙ እንዲመለስ ብሎ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት በመዳፉ ሲያሸው ኖሯል። እሷን ካገባ ገና ዐሥራ አንዱ ነው። ቀድማ የገባች ጣውንት ማለት ይቺ ናት። ከሁለታችን አንዳችንን ምረጥ ቢባል ማንን እንደሚመርጥ ሹዠን አልተጠራጠረችም።

ልዑሉ ሻዩን ፉት ሲል ጄዱን ራሷ ይዛ ገባች፤ በቀጥታም ወደ እጁ ዘረጋችለት። በመሃል ቢወድቅ ልዑሉን ማን ደፍሮ ይወቅሳል ብላ ነው። ልዑሉ ግን ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ከተተ። ጄድ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣ እጁን ያነሳል፣ ተቀባዩ ያኔ ይወስዳል። ይህን የማያውቅ መኳንንት የለም።

“ልጄ፣ ከጠረጴዛው ጋር ተኳርፋችኋል እንዴ?” አለ ልዑሉ፣ ድምፁን ለመስማት ጄድ የሚመታባትን ትንሽ እንጨት እያነሳ።

ሹዠን ማስቀመጥም መመለስም አቃታት።

ዴሊን ተነሳ። “ለእኔ ስጪኝ” አለና ከእጇ ተቀበላት። አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ ጠርዙን ዞረ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ጣቶቹን ከፈታቸው። ጄዱ የጡቡ ወለል ላይ አራት ቦታ ሆነ።

“ምን ነካህ?” አለ ልዑሉ፣ ድምፁ ሰልሎ።

“እጄን አልቦት ነበር፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለከተማውም እንደዚሁ ይንገሩልኝ።”

ሹዠን ስብርባሪውን ልትለቅም ተንበረከከች። ዴሊን ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘው።

“ተይው፣ ይቆርጥሻል” አላት።